ደለል ውስጥ የቀረ ዕዳ

አንድ በደል ፈጻሚው ካለፈ በኋላም ሥራውን የሚቀጥል ከሆነ ተጠያቂነቱ ወደ ማን ይሻገራል የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በጥንተ አብሶ፣ ከአዳም ወደ ልጆቹ በተላለፈው በመጀመሪያው በደል ላይ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ለጥያቄው ሁለት ድምፅ ያለው ይመስላል፤ ኦሪት ዘፀአት የአባቶች በደል እስከ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ እንደሚዘልቅ ሲናገር፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከምና እያንዳንዱ ስለ ገዛ ሥራው እንደሚጠየቅ ያስተምራል። መምህራን እነዚህን ሁለት ንባቦች ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል። ባለፉት 80 ዓመታት ግን ጥያቄውን ከጉባኤ ቤት አውጥቶ በወንዝ፣ በሐይቅና በባሕር ጠረፍ ጭቃ ላይ ያስቀመጠ አዲስ ነገር መጥቷል፤ እርሱም በሰው እጅ ተሠርቶ ሠሪውንም ተጠቃሚውንም በዕድሜ የሚበልጥ ኬሚካል ነው።

በባለሙያዎች ዘንድ የማይፈርሱ ኦርጋኒክ በካዮች የሚባሉት እነዚህ ነገሮች ከሌላው መርዝ የሚለዩት በብርታታቸው አይደለም፤ ከብዙዎቹ የበረታ መርዝ ሞልቷል። የሚለዩት ፀሐይ፣ ውሃና ረቂቅ ተሕዋስያን በቀላሉ ስለማያፈራርሷቸው ለአሥርት ዓመታት ስለሚቆዩ፣ በውሃ ሳይሆን በስብ ስለሚሟሙ፣ ትንሹ ፍጥረት በትልቁ በተበላ ቁጥር መጠናቸው ስለሚጨምር፣ በነፋስና በወራጅ ውሃ ተጭነውም ከተረጩበት እጅግ ርቀው ስለሚገኙ ነው። በ2001 በስቶክሆልም የጸደቀውና በ2004 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መጀመሪያ 12 ዓይነቶችን በዝርዝሩ ያስገባ ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል ዲዲቲ፣ አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይጨመሩ የነበሩት ፒሲቢዎች እንዲሁም ከቃጠሎ የሚወጡት ዳዮክሲኖች ይገኛሉ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2003 አጽድቃለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ ሁሉ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ስሙ የታወቀው ዲዲቲ ነው፤ እርሱን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገም። ውሁዱ መጀመሪያ በ1874 በቤተ ሙከራ የተሠራ ሲሆን፣ ነፍሳትን የመግደል ኃይሉን በ1939 ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር በ1948 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። ሽልማቱ ያለ ምክንያት እንዳልተሰጠ የሚረዳ በ1958 በኢትዮጵያ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ በዚያ ዓመት ክረምትና መኸር የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ደጋውን ሳይቀር አዳርሶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 የሚሆኑትን እንደገደለ ተገምቷል። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ የብረት ፓምፕ በትከሻቸው ያነገቱ ረጪዎችም በየወባማው አገር ከቤት ወደ ቤት መዞር ጀመሩ። ከፍኖተ ሰላም ወይና ደጋ ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው አገር፣ መንገደኛ በቆላ ማደርን ንዳድን በመፍራት በሚሸሽበት አገር፣ ይህ መድኃኒት እንጂ መርዝ ሊባል የሚችልበት ምክንያት ለማንም አልታየም ነበር።

የርጭቱ ደንብ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ግድግዳ 2 ግራም ዲዲቲ እንዲያርፍ የሚያዝ ነበር። ግድግዳው ግን ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የተመረገ ነው፤ ምርጊቱ በየበዓሉ ዋዜማ ይታደሳል፣ አሮጌው ይራገፋል፣ ቤቱም አርጅቶ ሲፈርስ ጭቃው ወደ ጓሮ ይጣላል፣ ጓሮውን ደግሞ የክረምት ጎርፍ ያጥበዋል። ከዚህ ሌላ ለግድግዳ የመጣው ዱቄት ነቀዝን ለማጥፋት ወደ ጎተራ፣ ተባይ ለመከላከልም ወደ ማሳ ማለፉ በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ተደጋግሞ የተዘገበ ነው። ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ግማሹ እስኪፈርስ እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ጠባይ ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ በፈረሰም ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም፣ ዲዲኢና ዲዲዲ ወደሚባሉ፣ እንደ ወላጃቸው ወደማይበገሩ ልጆች ይለወጣል እንጂ።

በፍኖተ ሰላም አጠገብ የሚያልፈው ላህ፣ ብር፣ የቡሬውም ፈጠም ውሃቸውን ለአባይ ይገብራሉ። የጎጃም አፈር ለብዙ ሺህ ዓመታት በዚህ መንገድ ሄዶ የግብፅን ዴልታ ሠርቷል፤ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ከመጠናቀቁ በፊት የዓባይ ወንዝ በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ያደርስ እንደነበር፣ የዚያም ደለል እጅግ የሚበዛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣ እንደሆነ የታወቀ ነው። ስለዚህ ባሕር የሌለው አገር የባሕር ጠረፍ ጭቃ አይመለከተውም የሚል ሰው ጂኦግራፊን ከድንበር ካርታ ብቻ የተማረ ነው። ከአስዋን በኋላ የደለሉ ጉዞ በግድቡ ሐይቅ ቆመ፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ፣ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር፣ ማረፊያው ግድቡ ወዳለበት ወደ ጉባ ቀረበ። ንጋት ተብሎ የተሰየመው ሰው ሠራሽ ሐይቅ እንግዲህ ከመብራት ኃይል በተጨማሪ ሌላም ነገር ያጠራቅማል፤ ከላይ ካለው ተፋሰስ የታጠበው አፈር በየክረምቱ አንድ ንጣፍ እየሆነ ከሥሩ ይነጠፋል።

በካዮቹን ለመከታተል ከውሃው ይልቅ ጭቃው የሚመረጥበት ምክንያት ከጠባያቸው ይነሣል። ውሃን ስለሚሸሹ በሸክላ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶችና በበሰበሰ ቅጠል ላይ ተጣብቀው ይሰምጣሉ፤ በዚህም የተነሣ ከወንዝ በብርጭቆ የተቀዳ ጥሩ ውሃ ስለ ወንዙ ንጽሕና የሚሰጠው ምስክርነት እምብዛም አይታመንም። በውቅያኖስ ጠረፍም ሆነ በሐይቅ ክትትል የሚያደርጉ ባለሙያዎች ረጅም ቱቦ ወደ ሥሩ ሰድደው የንጣፉን ቅደም ተከተል ሳያፈርሱ የጭቃ ዓምድ ያወጣሉ፤ ዓምዱን በአንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ይቆራርጣሉ፤ ቁራሹን የፕላስቲክ ኬሚካል እንዳይቀላቀልበት በመስታወት ዕቃ ወይም በአሉሚኒየም ወረቀት ይይዛሉ። ከዚያ ጭቃው በቅዝቃዜ ይደርቃል፣ በማሟሚያ ፈሳሽ ይታጠባል፣ የታጠበውም ጋዝ ክሮማቶግራፍ በሚባል፣ ውሁዶችን እንደ ጠባያቸው አንድ በአንድ እየለየ በሚያሳልፍ መሣሪያ ይነበባል። የሚፈለገው መጠን የሚለካው በናኖግራም ነው፤ ይህም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ማለት ነው።

የእያንዳንዱን ንጣፍ ዕድሜ ለማወቅ ሁለት የተፈጥሮና የታሪክ ሰዓቶች አሉ። አንደኛው ከአየር የሚወርደው እርሳስ 210 ሲሆን በየ22 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ከላይ እስከ ታች ያለው መጠኑ የዘመን ልክ ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲዚየም 137 ነው፤ ይህ በኑክሌር ሙከራዎች ወደ አየር የተበተነ ንጥረ ነገር በ1963 ከፍተኛ ደረጃው ላይ ስለ ደረሰ ያንን ዓመት በጭቃው ውስጥ እንደ ማኅተም አትሞታል። ኃያላን መንግሥታት የቦምባቸው ፍርፋሪ የሰላማዊ ሳይንስ መቁጠሪያ ይሆናል ብለው እንዳላሰቡ ግልጽ ነው። ዲዲቲና ልጆቹ የሚገኙበት ምጣኔም የራሱ ንባብ አለው፤ ወላጁ ከልጆቹ ከበዛ በካዩ በቅርብ ጊዜ የገባ ሲሆን፣ ልጆቹ ከበዙ ደግሞ የቆየ ርጭት ቅሪት ነው። በመሆኑም ጭቃው የሚናገረው ስለ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ ጊዜም ነው፤ የተከለከለ መርዝ ከእገዳው በኋላ በድብቅ ተረጭቶ ከሆነ የላይኛው ንጣፍ ያወጣዋል። በሰሜን አሜሪካ ለባሕርና ለወንዝ አፍ ደለል በወጣው መመዘኛ ጠቅላላ ዲዲቲ በአንድ ግራም ደረቅ ጭቃ ከ1.58 ናኖግራም በታች ከሆነ በጭቃ ነዋሪ ፍጥረታት ላይ ጉዳት የሚታየው ከስንት አንዴ ነው፤ ከ46.1 ሲያልፍ ግን ጉዳቱ ይዘወተራል። በካሊፎርኒያ ጠረፍ በፓሎስ ቨርደስ፣ ከዲዲቲ ፋብሪካ በፍሳሽ ቱቦ ወደ ባሕር የተለቀቀው መርዝ፣ መፍሰሱ ከቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም እዚያው ጭቃ ውስጥ አለ።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የረጨው ሰው አላወቀም፤ ያዘዘውም ሕይወት ለማዳን አዘዘ፤ ግድግዳዋን ያስረጨችው እናት ደግሞ ልጇን ከንዳድ ጠበቀች። እነዚህን ኃጢአተኞች ብሎ መጥራት ለሕሊና የሚቀፍ ነው፤ ጉዳት እስካለ ድረስ ግን ምንም አልሆነም ማለትም አይቻልም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 4 እና 5 ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አላት፤ ሳያውቅ የበደለ ሰው በደሉ በታወቀው ጊዜ መሥዋዕት እንዲያቀርብ ታዛለች። የቤተ ክርስቲያን ጸሎትም በማወቅ ለተሠራው ብቻ ሳይሆን ባለማወቅ ለተሠራውም ይቅርታ ይለምናል። የዚህን ሥርዓት አካሄድ ለሚያስተውል፣ ባለማወቅ የተሠራ በደል ግዴታ የሚያመጣው በተፈጸመበት ዕለት ሳይሆን በታወቀበት ዕለት ነው። ከዚህ አንድ የማያስደስት ነገር ይከተላል፤ ዕውቀት ግዴታን ካመጣ ግዴታን ለማምለጥ የሚሻ ሰው የመጀመሪያ እርምጃው አለማወቅ ይሆናል። ጭቃውን ያልለካ ባለሥልጣን የሚያጸዳው ነገር አይኖረውም፤ የሚከለክለው ነጋዴ፣ የሚያስጠነቅቀው ዓሣ አጥማጅ፣ የሚክሰው ተጎጂም የለውም። እንዲህ ያለው አላየሁም አልሰማሁም ግን ከጥንቱ የዋህ አለማወቅ ጋር በአንድ ስም ሊጠራ አይገባውም፤ የቀድሞው ሊታወቅ የማይችለውን አለማወቅ ነበር፣ የአሁኑ ግን ሊታወቅ የሚችለውን ሸሽቶ ነው። መለኪያው በዓለም ሳለ የማይለካ ትውልድ፣ ከ1950ዎቹ ረጪዎች በሥራው ሳይሆን በዝምታው የባሰ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንስሐ ጸጸትን፣ ኑዛዜንና ቀኖናን ይጠይቃል። ከሦስቱ ክትትል የሚመስለው ኑዛዜን ነው፤ ምክንያቱም ተነሳሒ በጅምላ ኃጢአተኛ ነኝ ብሎ ብቻ አይበቃውም፣ የሠራውን በስሙና በጊዜው ለንስሐ አባቱ ይናገራል። አካባቢ ተበክሏል የሚለው የዘወትር አባባል እንዲህ ያለ የጅምላ ጸጸት ነው፤ ማንንም አያስቆጣም፣ ማንንም አያስገድድም። በዚህ ወንዝ ደለል፣ በዚህ ጥልቀት፣ በዚህ ዓመት ገደማ ይህን ያህል ናኖግራም የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን ኑዛዜ ነው። ለቀኖናው ሲደረስ ግን ምሳሌው ይቸገራል። ቀራጩ ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል የገባው ከማን እንደ ወሰደ ሊያውቅ ስለሚችል ነበር፤ ዲዲቲ የረጨ ትውልድ ግን ባለ ገንዘቡን አያውቀውም። በሱዳን ጠረፍ ዓሣ የሚያጠምደው ይሁን፣ ገና ያልተወለደው የቡሬ ልጅ ይሁን፣ ወይስ ዲዲቲን አይቶ የማያውቀው የአርክቲክ ሰው ይሁን አይለይም። ይህ የመጨረሻው የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እነዚህ በካዮች በሙቅ አገር ተንነው በቀዝቃዛ አገር ስለሚያርፉ፣ በ1980ዎቹ በሰሜን ካናዳ የሚኖሩ የኢኑዊት እናቶች ጡት ወተት ሲመረመር ከደቡቡ የከተማ እናቶች የሚበልጥ የፒሲቢ መጠን ተገኝቶበታል። ባልንጀራ ማን ነው ለሚለው የወንጌል ጥያቄ ኬሚስትሪ ከዚህ የሰፋ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

የእናት ጡት ወተት መነሣቱ ለማስደንገጥ አይደለም። በስብ የሚሟሟ ነገር ሁሉ የመጨረሻ ማረፊያው ስብ ስለሆነ፣ የስቶክሆልሙ ስምምነት ራሱ ክትትሉን በአየርና በእናት ወተት ላይ መሥርቷል። በኢትዮጵያም በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ በተደረገ ጥናት ዲዲቲ በእናቶች ወተት ተገኝቷል፤ እንደ ዝዋይና ሐዋሳ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሦችም ላይ ተለክቷል። ጡት ማጥባት እንዲቀጥል የጤና ባለሙያዎች ያለ ማመንታት ይመክራሉ፤ ጥቅሙ ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣልና። በቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ እንዲሁም ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ እንደ ተፈጠረ ይነገራል። ይህን ትምህርት ስለ አመጣጥ ብቻ አድርጎ የሚወስደው ብዙ ነው። የደለሉ ጉዳይ ግን የሰው ሥጋ ከመሬቱና ከውሃው ጋር ያለው ዝምድና በስድስተኛው ቀን ያላበቃ፣ በየማዕዱ የሚታደስ መሆኑን ያሳያል፤ ወደ ውሃ የተጣለው በመጨረሻ በሕፃን አፍ ይገባል።

እንግዲህ ዘፀአትና ሕዝቅኤል በደለሉ ላይ ሊታረቁ ይችላሉ፤ ጥፋተኝነትና ዕዳ ሁለት ነገሮች ናቸውና። ጥፋተኝነት የፈጻሚው ብቻ ሆኖ ከእርሱ ጋር ሊቀበር ይችላል፤ ዕዳው ግን ከርስቱ ጋር ለወራሹ ይተላለፋል። በምዕራብ ጎጃም አድባራት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቀው ገበዝ ንዋያተ ቅድሳቱን ከቀዳሚው ቆጥሮ ተረክቦ ለተተኪው ቆጥሮ ያስረክባል። በቀዳሚው ዘመን አንድ ጽዋ ጠፍቶ ቢገኝ አዲሱን ገበዝ ሌባ የሚለው የለም፤ ቆጥሮ ጎዶሎውን በሰነድ ላይ እስካሰፈረ ድረስ ነጻ ነው፤ ሳይቆጥር ፈርሞ የተረከበ እንደሆነ ግን የጎደለው ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆጠራል፣ ያላጠፋውን ጽዋ የሚከፍለውም ስለ ሌብነት ሳይሆን ስለ አለመቁጠር ነው። ምድርን ሳይመረምር የተረከበ ትውልድ ያለበት ሁኔታም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ለሕሙማን መድኃኒት ያልተሟላላት አገር ለጭቃ ምርመራ የምታወጣው ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ነው። ተቃውሞው በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ዲዲቲን የፈለሰፈችውም በብዛት ያመረተችውም ኢትዮጵያ አይደለችምና የክትትሉ ወጪም የእርሷ ብቻ ሊሆን አይገባም። አብሮ የመክፈል ምሳሌ ደግሞ አለ፤ በአገሪቱ መጋዘኖች ለዓመታት የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ፣ ከአፍሪካ ትልልቅ ክምችቶች አንዱ የነበረው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነትና በለጋሾች ገንዘብ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ወደ ፊንላንድ ተጭኖ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ተደርጓል። በበርሜል ያለውን ማስወጣት ተችሏል፤ በአፈርና በደለል የተበተነውን ግን የሚጭነው መርከብ ስለሌለ የሚቀረው ያለበትን ማወቅና ከምግብ መንገድ ማራቅ ነው። የኢትዮጵያ ሕግም ለዚህ ባዳ አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/2002ም በካዩ ያበላሸውን እንዲያጸዳ ያስገድዳል። ያልተለካ ብክለት ግን በአዋጅ አይከሰስም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ማቆም ይቻል ነበር። በኢትዮጵያ ዲዲቲ ከቤት ርጭት የወጣው በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ዋናው ምክንያት የወባ ትንኝ ኬሚካሉን መቋቋም መልመዷ ነው እንጂ የደለሉ ጉዳይ አይደለም። ወባ ግን ተመልሳለች፤ በ2024 ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል፣ የአማራ ክልልም ከተጠቁት መካከል ነበር። የስቶክሆልሙ ስምምነት ሌላ አማራጭ ላጡ አገሮች ዲዲቲን በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት እንደ ወባ ትንኝ ያሉ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመቆጣጠር ብቻ እንዲጠቀሙና በየሦስት ዓመቱ እንዲያሳውቁ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ አንድ ቀን በክልሉ የጤና ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ጥያቄው ዳግመኛ ሊቀርብ ይችላል። ሕፃናት በንዳድ እየሞቱ እርጩ ቢል ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን እርሱ እንደ 1959ኙ ባለሥልጣን አላውቅም ሊል አይችልም፤ የመጀመሪያው ጆንያ ከመፈታቱ በፊት ከላህ፣ ከብርና ከፈጠም አፍ እንዲሁም ከንጋት ሐይቅ ሥር ጭቃ ወጥቶ እንዲለካ፣ ውጤቱም ወንዙን ለሚጠጣውና ማሳውን ለሚያርሰው ገበሬ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገር፣ ከርጭቱም በኋላ በየጥቂት ዓመቱ ያው ቦታ ዳግመኛ እንዲታይ ማዘዝ ይጠበቅበታል።